ደበሎ የለበሰ ትውልድ፦ የዳሞት የቆሎ ተማሪና ያልተጻፈው ትዝታው

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ማንኩሳን ሳይረግጥ አያልፍም። በርበሬ የሚሰጣባት፣ ጤፍና በቆሎ የሚሸመትባት የገጠር ከተማ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው እዚችው ማንኩሳ ላይ ነው። የልብ ወለዱ ባለታሪክ የበዛብህ ወላጆች ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ትዳር የመሠረቱት በዚህ አገር ነበር። እናት ልጇን ለቤተ ክርስቲያን ተሳለች። ልጁ ሳይጠየቅ የተገባው ያ ስለት ዕድሜውን ሙሉ ተከተለው።

አንባቢ ሁሉ የሚያስታውሰው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ነው። ከፍቅሩ በፊት ያለውን፣ ልጁ ከእናቱ ጉያ ወጥቶ በትምህርት ፍለጋ የተንከራተተበትን ዘመን፣ ብዙ ሰው ቶሎ ያልፈዋል። ለዳሞት፣ ለአቸፈር፣ ለሊበን፣ ለወምበርማና ለሰከላ ሰው ግን ያ ክፍል ልብ ወለድ ብቻ አይደለም። በምዕራብ ጎጃም ገጠር አንድም ዘመዱ በዚያ መንገድ ያልሄደ ቤተሰብ ማግኘት ቀላል አይሆንም።

ደራሲውም የሄዱበት መንገድ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ፤ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ። ስለ ቆሎ ተማሪ የጻፉት ከሩቅ ሆነው በመመልከት አልነበረም።

የቆሎ ተማሪ የሚባለው ማን ነበር? ብዙውን ጊዜ ከሰባት እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሆነው የገበሬ ልጅ ነው። በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን አልፎ ዳዊት ደግሟል። ከዚያ በላይ ለመማር አገር መልቀቅ አለበት። አባት ከብት ጠባቂና ጎልጓይ ስለሚያጣ አይፈቅድም፤ እናት ሆዷ አይችልም። ስለዚህ ብዙዎቹ የሄዱት በሌሊት ነው፤ ቀድሞ ከሄደና ለእረፍት ከመጣ ታላቅ ተማሪ ጋር ተማክረው፣ ስንቅ እንኳ ሳይቋጥሩ። የጠፋውን ልጅ አባቱ ፈልጎ እንዳያገኘው ስሙን ለውጦ የሚኖርም ነበር። ከቤቱ አጠገብ የሚማር ልጅ የእናቱ እንጀራ ያዘናጋዋል የሚል ጽኑ እምነት ስለነበረ፣ ጎጃሜው ወደ ጎንደርና ወደ ወሎ፣ የወሎውና የጎንደሩ ደግሞ ወደ ጎጃም ይሻገራል። ድጓ የፈለገ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር፣ ቅኔ የፈለገ ወደ ጎጃም መሄዱ የታወቀ ነበር። ዋሸራና ጎንጅ የሚሉት ስሞች በቅኔ ዓለም እስከ ዛሬ ትልቅ ክብር አላቸው።

ልብሱ ደበሎ ነው፤ የበግ ለምድ። ትከሻው ላይ የለመነውን የሚይዝበት አኮፋዳ፣ እጁ ላይ ዱላ። ዱላው ለውሻ ነው። በቀኑ ማብቂያ ወደ መንደር ወጥቶ ከየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የቤቱ እመቤት ቁራሽ እንጀራ፣ ቆሎ ወይም ንፍሮ ታወጣለታለች፤ ከሌላት «እግዜር ይስጥህ፣ ተማሪ» ትለዋለች። ይህ ቃል ለተማሪ ጆሮ ምን ማለት እንደሆነ የሰማው ያውቀዋል፦ ወደሚቀጥለው ደጅ ሂድ፣ እዚያም ውሻ አለ ማለት ነው። ብዙ አረጋውያን መሪጌቶች እግራቸውን ገለጥ ቢያደርጉ የውሻ ንክሻ ጠባሳ ያሳያሉ።

ለምኖ ያመጣውን ከጓደኞቹ ጋር ይቀላቅላል። ከዘጠኝ ቤት የተለመነ የጤፍ፣ የዳጉሳና የበቆሎ ቁራሽ አንድ ላይ ይሆናል። የተረፈው ደርቆ ድርቆሽ ይሆንና ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ጥሩው ወቅት አዝመራ ነው፤ ከአውድማ እህል ይለመናል። ተዝካርና ክርስትና ያለበት ቤት ከተሰማ ደግሞ የተማሪው ጎጆ ሁሉ ይነሣል። ክረምት ግን ጨካኝ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የገበሬውም ጎተራ የሚራቆትባቸው ወሮች ስለሆኑ ሰጪው ራሱ ይርበዋል፤ ወንዙ ይሞላል፤ ፈጣምና ብር ሲሞሉ ተማሪ ከመንደር ተቆርጦ ይቀራል። ያን ጊዜ ቆሎ ቆጥሮ መብላት ይጀመራል። ጎጆው ዝናብ ያስገባል፤ ደበሎው ረጥቦ ይሸታል፤ ቅማልና እከክ ይነግሣሉ። በአንድ ጠባብ ጎጆ ተጠጋግተው ከሚተኙ ልጆች አንዱን ተስቦ ከያዘው ሁሉንም ያዳርሳል። ወላጆቹ ሳያውቁ በሰው አገር የተቀበረው ልጅ ብዛት በየትኛውም መዝገብ የለም። የዚህ ታሪክ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው ማለት ይቻላል። ተርፎ ሊቅ የሆነው ስሙ ይነሣል፤ መንገድ ላይ የቀረውን ግን ከእናቱ በቀር የፈለገው አልነበረም።

መከራው ያለ ምክንያት የሚሸከሙት አልነበረም። በቅኔ ቤት የሚውለው ቀን የራሱ ሥርዓት አለው። መምህሩ፣ ማለትም የኔታ፣ ምሽት ላይ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ግስና አገባቡን ያስረዳሉ። በነጋታው ተማሪው ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል። ብራና የለ፣ ቀለም የለ፤ ሁሉም ነገር በራስ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ የተሳሳተው ይታረማል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ትመጣለች። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። የትናንቱ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ለእያንዳንዱ ቀን አዲስ መፍጠር ግዴታ ነው። እንዲህ ያለ ፈጠራን ከልጅ በየቀኑ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት በዓለም ላይ ብዙ አልነበረም።

ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ማየት ለማይችል ጀማሪ ይህ ሁሉ የጨለማ ጉዞ ነው። ወር ያልፋል፤ ዓመት ያልፋል፤ አንዳንዱ ምንም አይገባውም። ጓደኞቹ ይስቁበታል። አእምሮን ይከፍታል ተብሎ የሚታመነውን አብሾ ጠጥቶ ያበደ፣ ወይም አበደ የተባለ ተማሪ ወሬ በየጎጆው ይወራል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜ ብቻውን በተቀመጠበት ዛፍ ሥር፣ ግሱና አገባቡ ይገጣጠሙለታል፤ ቅኔ ይገለጥለታል። ያንን ቀን ያዩ ሊቃውንት ሲተርኩት ዕድሜ ያልሻረው ደስታ በድምፃቸው ይሰማል። ረኃቡን፣ ውሻውን፣ እከኩን የካሰው ይህ ቀን ነው።

ግን ሁሉም አልተካሰም፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ስለ ቆሎ ተማሪ ዛሬ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ውዳሴ ነው፤ ጽናቱ፣ ትሕትናው፣ ጥበቡ ይወሳል። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ትምህርቱን ሳይጨርስ የተመለሰ ልጅ ሞፈር መያዝ አያውቅበትም፤ መሬቱን ወንድሞቹ ተካፍለውታል፤ የመንደሩ ሰው ደግሞ አስማት ያውቃል ብሎ ይፈራዋል። የተመረቀውም ቢሆን ደብር ካላገኘ ክታብ ጽፎ ከመኖር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። እነዚህ ሰዎች በዘመናቸው ያዘኑበት ነገር ነበራቸው። ሐዘናቸው ሳይነገር ሲቀር ታሪኩ ይጎድላል።

ሴት ልጅ ደግሞ ከነጭራሹ ወደዚህ መንገድ አትገባም ነበር፤ ጥቂት ካልሆኑ በቀር። ከጥቂቶቹ ሁሉ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። ዓይናቸው አያይም ነበር። ቅኔን ከአባታቸው ተምረው በጽላሎ ማርያም ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን አስተማሩ። ብራናና ቀለም በማይፈልግ፣ ሁሉ በጆሮና በልብ በሚያዝ ትምህርት የዓይን ብርሃን ማጣት መጋረጃ ሊሆንባቸው አልቻለም። የሳቸው ታሪክ ለብቻው ሙሉ መጽሐፍ የሚገባው ነው።

ይህን ሁሉ ተማሪ የሚቀልበው ማን ነበር የሚለው ጥያቄ የልማዱን መዳከም ለመረዳት ይጠቅማል። ተማሪው ለየኔታ ገንዘብ አይከፍልም፤ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ መሬታቸውን ያርሳል፣ ያጭዳል። መምህሩ የሚኖሩት ቤተ ክርስቲያኗ ከነበራት መሬት በሚያገኙት ድርሻ ነው። የተማሪውን ሆድ የሚሞላው ደግሞ ገበሬው ነው። በቡሬ ገበያ ከዓባይ ማዶ ወለጋ ድረስ ሲነግድ የኖረው፣ በዳሞት ደጋና ቆላ ያረሰው ሕዝብ፣ ማንም ሳያስገድደው የአንድ ትልቅ ትምህርት ሥርዓት ቀላቢ ሆኖ ብዙ መቶ ዓመታትን ዘልቋል። ይህ የሚያስደንቅ ነው፤ የተመሰገነበት ግን እምብዛም ነው።

ቀስ በቀስ ሌላ መንገድ ተከፈተ። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመሩ። ከጎጃም የቅኔ ቤት የወጡ ወጣቶች ዓባይን ተሻግረው ወደዚያው ጎረፉ። ሐዲስ ዓለማየሁ አንዱ ነበሩ። ዘመናዊውን ትምህርት ቀምሰው ወደ ጎጃም ተመለሱ፤ በዳንግላ ጉምሩክ ጸሐፊ ሆኑ፤ በደብረ ማርቆስ አስተማሩ። ከዚያ ጣሊያን መጣ። ከጦር አዛዡ ከራስ እምሩ ጋር በሽሬ ግንባር ተሰለፉ፤ ጦሩ ከተፈታ በኋላም ከራስ እምሩ ሳይለዩ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወረዱ። በ1929 ዓ.ም. በከፋ አቅራቢያ በጎጀብ ወንዝ ተማረኩ። ወደ ጣሊያን ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ።

በየካቲት 1933 ዓ.ም. ማብቂያ የእንግሊዙ ዊንጌት የመራው ጌድዮን ጦርና የጎጃም አርበኞች ጣሊያንን ከቡሬ ሲያስለቅቁ፣ ሐዲስ በሜዲትራንያን ባሕር ደሴት ላይ እስረኛ ነበሩ። አገራቸው ነፃ ወጥታ እሳቸው በእስር ቀሩ። የተፈቱት ጣሊያን ራሷ በተሸነፈችበት በ1935 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ያቆዩልን በ1985 ዓ.ም. በወጣው «ትዝታ» ነው። የስምንት አሥርት ዓመት አዛውንት ሆነው የጻፉት መጽሐፍ ሽንፈትን ሽንፈት፣ ረኃብን ረኃብ ብሎ ይጠራል፤ የአርበኝነት ዘመን ትረካ ብዙ ጊዜ በጀግንነት ብቻ በሚሞላበት አገር ይህ ትልቅ ድፍረት ነው። በኢትዮጵያ መንግሥት ውስጥ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ከማገልገላቸው ይልቅ ሕዝቡ የሚያስታውሳቸው በብዕራቸው ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ ማንበብ የማይችለው የዳሞት ገበሬ ሳይቀር ልጁ የሄደበትን መንገድ ሰማ።

ትዝታቸውን ከጻፉት መካከል ከደብረ ማርቆስ የወጡት ተመስገን ገብሬም አሉ። በ1941 ዓ.ም. «የጉለሌው ሰካራም» በሚለው ታሪካቸው የአማርኛን አጭር ልብ ወለድ በር የከፈቱት ሰው፣ ስለ ራሳቸው የጻፉት «ሕይወቴ» ግን የታተመው ከሞቱ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ በዓይናቸው ያዩትን ያህል ይተርካሉ፤ የስደቱንም ኑሮ እንዲሁ። የእጅ ጽሑፉ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ያ ምስክርነት አብሮ በጠፋ ነበር።

የአቸፈሩ ደራሲ አቤ ጉበኛ ደግሞ ሌላ ዓይነት ተስፋ መቁረጥ ቀመሱ። እሳቸውም ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ወደ ከተማ የወጡ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ያዩት የተማረው ሰው ለድሃው ሲቆም ሳይሆን ሲከብርበት ነው። በ1955 ዓ.ም. ያወጡት «አልወለድም» በማኅፀን ያለ ጽንስ ወደዚህ ዓለም ለመምጣት እምቢ የሚልበት ታሪክ ነው፤ መንግሥት አገደው። አቤ ከመጻፍ አልተመለሱም። በብዕራቸው ብቻ ለመኖር ደፍረው በ1972 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ጻፉ። ለመንደር ልጅ ከተማ የተስፋ ምድር ናት የሚለውን እምነት ፊት ለፊት የሞገተ፣ ከዚያው ገጠር የወጣ ሰው ነበሩ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ለጭሰኛው ታላቅ ቀን ነበር፤ ፍትሐዊነቱ አያከራክርም። ለቅኔ ቤት ግን መሠረቱ ተናደ። ቤተ ክርስቲያኗ መሬቷን ስታጣ የኔታ የሚተዳደሩበትን አጡ። በዚያው ዘመን የመንግሥት ትምህርት ቤት በየቀበሌው ተስፋፋ፤ ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ፣ ውሻ ሳይነክሰው መማር ቻለ። ይህ መልካም ነው። የጠፋው ነገርም እንዳለ ማወቅ ግን ተገቢ ነው፤ በየቀኑ አዲስ ሐሳብ እንዲፈጥር የሚጠየቅ ልጅ በአዲሱ ክፍል ውስጥ ብዙም አይታይም።

ልማዱ ፈጽሞ አልሞተም። በገጠሩ የቅኔ ጉባኤዎች ዛሬም አሉ። ብዙ ተማሪ ግን ወደ ከተማ ወርዷል። አዲስ አበባ የደረሰ የአብነት ተማሪ በአብያተ ክርስቲያናት ግቢ በመቃብር ቤት ያድራል፤ ቀን ሎተሪ ያዞራል ወይም ዘበኛ ይሆናል፤ ሌሊት ይማራል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ቢል «ጎበዝ፣ ሥራ ሥራ» የሚለው ይበዛል። ለሰባት ዓመት ሕፃን ቁራሽ የማትነፍግ የዳሞት እናት የነበራት ቸርነት በኮንዶሚኒየም ደጃፍ የለም፤ ምክንያቱም የከተማው ሰው ልጁን ማን እንደላከው አያውቅም። ሁለቱም፣ ሰጪም ተቀባይም፣ ከነበሩበት ዓለም ወጥተዋል።

በዚህ ላይ በአማራ ክልል ጦርነት ተጨመረ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ሰዎች ተናግረዋል። ከዚያ ወዲህ በክልሉ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገድ ተቋርጧል። በሰላሙ ጊዜ እንኳ ያልተጻፈው የሽማግሌዎች ትዝታ በዚህ ጊዜ አብሮ እየተቀበረ ነው።

እንዲህ ያለ ትዝታ በጊዜ ተጽፎ ለመቆየቱ አንድ ምሳሌ አለን። ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ አገር ላገር ዞረው የተማሩትን አባታቸውን አለቃ ለማ ኃይሉን አስቀምጠው ሕይወታቸውን በቴፕ ቀረጹ፤ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው አሳተሙት። አለቃ ለማ የተማሪነት ኑሯቸውን በራሳቸው አንደበት፣ በቤተ ሰብ ወግ ያወራሉ። ልጃቸው የአባታቸውን ቃል ሳያሳምሩ፣ የጨዋታውን ለዛ ሳያጠፉ ማስቀመጣቸው መጽሐፉን ሕያው አድርጎታል። ለዚህ ያስፈለገው አንድ መቅጃ መሣሪያና የሚያዳምጥ ልጅ ነበር።

መቅጃው ዛሬ በእያንዳንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ አለ። በቡሬ፣ በማንኩሳ፣ በጅጋ፣ በደምበጫ፣ በፈረስ ቤት፣ በሊበን አያቱ ወይም አጎቱ የቆሎ ተማሪ የነበሩ ሰው ይህን ጽሑፍ ካነበበ፣ ስልኩን ከፍቶ ይቀመጥና ይጠይቃቸው፦ ከቤት የወጡት በማን ምክር ነው? የመጀመሪያውን ሌሊት የት አደሩ? ማን ሞተባቸው? ቅኔ የተገለጠላቸው መቼ ነው? ካልተገለጠላቸውስ ምን ተሰማቸው? ያፈሩበትንም ይጠይቅ፤ ያልጨረሱትን፣ የተቆጩበትን ይስማ። ከዚያ ቃላቸውን ሳያስተካክል ይጻፈው፤ አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንዱን በአካባቢው ላለ ቤተ መጻሕፍት ወይም ለፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ይስጥ። ሽማግሌዎቹ ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ነገ ስለማይታወቅ ዛሬውኑ ይጀመር።